ባቡር ባልደረሰበት ጎጃም ሐዲድ የሚቀይር ሞተር

አያቴን «ባቡር እየሠራሁ ነው» አልኳት። «ስንት ኩንታል ይፈጫል?» አለችኝ።

አልሳቅሁባትም። እሷ ባደገችበት የጎጃም ገጠር «ባቡር» ማለት የእህል ወፍጮ ነው። የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። አባይን ተሻግሮ ግን ወደ እኛ አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም።

ስለዚህ ባሕር ዳር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ጣውላ ላይ ለጎጃም ትንሽ የሞዴል ባቡር ሐዲድ ዘረጋሁላት። ከደጀን ይነሳል። በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ቡሬ ይገባል። ቡሬ ላይ ሁለት ይሆናል። አንዱ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ሌላው ወደ ነቀምት ይታጠፋል። የመኪናው መንገድም የሚከፈለው እዚያው ስለሆነ ብዙም ፈጠራ አልጨመርኩም።

የማወራችሁ ስለዚያች የቡሬ መከፈያ ነው። ባቡሩን ወደ ነቀምት ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚልከው 9 ግራም የሚመዝን ሰርቮ ሞተር ነው። አሠራሩን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ለማበላሸትም አያስፈልግም፤ እኔ ሦስት አበላሽቻለሁ።

መጀመሪያ መቀየሪያውን እንየው። ባቡር መሪ የለውም። ነጂው ማፍጠንና ማቆም እንጂ መጠምዘዝ አይችልም። የሚዞረው ሐዲዱ ነው። ሁለት መስመሮች በሚለያዩበት ቦታ ጫፋቸው እየሳሳ የሚሄድ ሁለት ተንቀሳቃሽ ሐዲዶች አሉ። እኔ ምላስ እላቸዋለሁ። ሁለቱን አንዲት አግዳሚ ዘንግ አያይዛቸዋለች። ዘንጓ ወደ ግራ ስትሳብ አንደኛው ምላስ ከዋናው ሐዲድ ጋር ይጣበቃል፤ ሌላኛው ይለቃል። ወደ ቀኝ ስትሳብ ነገሩ ይገለበጣል። የባቡሩ ጎማም ምላሶቹ በያዙለት መንገድ ይሄዳል።

ምላሶቹ መሃል ላይ ከቀሩስ? አንዱ ጎማ ነቀምት፣ ሌላው ባሕር ዳር ይላል። ባቡሩ ይወድቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ ልክ ትንሽ ልበል። የእኔ ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ፣ በ87 ብታበዙት 1435 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። የአሁኑ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት ይኸው ነው። የድሮው ባቡር ግን በ1000 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ነበር የሚሄደው። የእሱን ሞዴል የሚሠራ ሰው በዚሁ ልክ የሚገዛው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። እኔም ልቤ የወደደው የድሮውን ነበር። አቅሜ አዲሱን መረጠ።

በዚህ ልክ ምላሶቹ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚጓዙት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሦስት የጤፍ ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሩ ያህል። የሰርቮው ሥራ በሙሉ ይህቺው ናት።

ለዚህች ሦስት ጤፍ ሞተር ምን ያደርጋል? በጣት ገፋ ማድረግ ይቻላል። ጠረጴዛው ትንሽ ከሆነ እኔም የምመክረው ጣትን ነው። ክንድ ከማይደርስበት ቦታ ሲሆን ግን ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። የቆየው ዘዴ የኤሌክትሪክ ማግኔት ነው። ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ብረቱን ይስባል። ቁልፉን ነካ ስታደርጉት «ቀጭ!» ብሎ ይዘላል። ችግሩ ነካ ማድረግ ብቻ መሆን አለበት። እጃችሁ ቁልፉ ላይ ከቆየ ጥቅልሉ ይግላል፤ ብሎም ይቃጠላል። ደግሞ እውነተኛ የባቡር መቀየሪያ እንደ ወጥመድ አይዘልም። ጥቂት ሰከንዶች ወስዶ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰርቮ የሚወደደው ይህን ቀስታ ስለሚችል ነው።

አሁን የሰርቮውን ሆድ እንክፈት። ውስጡ አራት ነገር አለ። ትንሽ ሞተር አለ። ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛ የባለ ጥርስ ጎማዎች ድርድር አለ። አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም አለ። አራተኛው ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ የድሮ ሬዲዮ ድምፅ የምንጨምርበት ዓይነት የሚዞር ነገር። ቁም ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

ተራ ሞተር የት እንዳለ አያውቅም። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይዞራል፤ ሲያጣ ይቆማል። ሰርቮ ግን ያውቃል። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲገባ አይታችሁ ይሆናል። ሾፌሩ ኋላውን አያይም። ረዳቱ ወርዶ ቆሞ «ና… ና… ና… ትንሽ ና… በቃ!» ይለዋል። ሾፌሩ ካለፈ «መልስ፣ መልስ» ይለዋል። ፖቴንሽዮሜትሩ ይህ ረዳት ነው። ከሰርቮው ክንድ (ውጭ ከሚዞረው ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ) ጋር አብሮ እየዞረ ክንዱ የት እንደደረሰ ለሰሌዳው ይናገራል። ሰሌዳው የታዘዘውን ቦታና የደረሰበትን ቦታ ያወዳድራል። ልዩነት ካለ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፤ ከሌለ ያቆመዋል።

ትዕዛዙ የሚመጣው ደግሞ በሦስተኛው ሽቦ ነው። ከሰርቮው ሦስት ሽቦ ይወጣል። ቡናማው ኔጌቲቭ፣ ቀዩ ፖዘቲቭ 5 ቮልት፣ ብርቱካናማው የትዕዛዝ መስመር ነው። በትዕዛዙ መስመር ላይ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላካል። ምቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ወደ አንድ ጎን ሂድ ማለት ነው። 2 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ወደ ሌላው ጎን። 1.5 ከሆነ መሃል። ቁም ነገሩ የምቱ ርዝመት ነው። ክላክስ አጭር ሲነፋና ረዘም ሲል ትርጉሙ እንደሚለያየው ማለት ነው።

ይህን ምት የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ አርዱይኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ተማሪ ሳጥን ውስጥ አንድ አይጠፋም። አንድ ቁልፍ፣ አንድ አርዱይኖና አንድ ሰርቮ ካላችሁ ሥራው ተጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ ከአንድ ባሕርይ ነው የሚመጣው። ሰርቮ ታዛዥ ነው። በጣም ታዛዥ። የማይሆን ቦታ ብትልኩትም ይሄዳል፤ ግድግዳ ቢያጋጥመውም መግፋቱን አይተውም።

የመጀመሪያውን ሰርቮ ያበላሸሁት በዚህ ነው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ፕሮግራም እንዳለ ጫንኩበት። ፕሮግራሙ ክንዱን ከ0 እስከ 180 ዲግሪ የሚያመላልስ ነበር። ሰርቮው ታዘዘ። ምላሶቹን ከነዘንጋቸው ነቅሎ ሄደ። እኔ «ምን ዓይነት ጉልበት ነው?» እያልኩ እስክደርስ የፕላስቲክ ጥርሶቹ ተላጩ።

ጉልበቱ እንዲህ ነው። ኤስጂ 90 የሚባለው ተራው ሰርቮ ከመሃሉ 1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 1.8 ኪሎ የሚሆን ነገር ይገፋል። ምላሶቹ የሚፈልጉት በትንሽ ጣት ነካ የማድረግ ያህል ነው። የጉልበት ጉዳይ አያሳስባችሁ። የሚያሳስበው መጠኑ ነው።

እስቲ እናስላ። ክንዱን ከምላሶቹ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ከክንዱ መዞሪያ 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ካለው ቀዳዳ ብታስሩት፣ 3 ሚሊ ሜትር ለመጓዝ የሚያስፈልገው 17 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከ180 ዲግሪ ውስጥ 17! ብዙ ሰው ረጅሙ ቀዳዳ ይሻላል ብሎ ያስባል። እኔም አስቤ ነበር። ግን የሚሻለው አጭሩ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ላይ ባለው ቀዳዳ ብታስሩት 29 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ያው 3 ሚሊ ሜትር በብዙ ትናንሽ እርምጃ ይከፋፈላል። ጉልበቱም ይጨምራል። ይህ ሰርቮ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ለውጥ ብዙም አይሰማውም፤ ስለዚህ እርምጃው በበዛ ቁጥር እንቅስቃሴው ይለሰልሳል።

ሰርቮው ጣውላው ሥር ይታሰራል። ከክንዱ ወደ ላይ የሚወጣ ሽቦ በጣውላው ቀዳዳ አልፎ የምላሶቹን ዘንግ ይይዛል። የሽቦው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የወረቀት አግራፍ ዘርግቼ ሞከርኩ። ሠራ፤ ግን አግራፍ አንዴ ከጎበጠ ጎባጣ ሆኖ ይቀራል። የሚፈለገው ጎብጦ የሚመለስ፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፕሪንግ ሽቦ ነው። ሰርቮው ከሚያስፈልገው በአንድ ሁለት ዲግሪ አልፎ እንዲገፋ ታደርጉታላችሁ። ትርፉን ሽቦው ጎብጦ ይውጠዋል። በዚያ ጉብጠት ምላሱ ሐዲዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይያዛል፤ ሰርቮውም ግድግዳ አይገፋም። ሽቦው በሁለቱ መካከል እንደ ሽማግሌ ነው፤ አንዱንም ሳያስቀይም ያስማማል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ መቀየሪያዎች፣ ለምሳሌ ፔኮ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው፣ ምላሱን በ«ቀጭ» ወደ አንዱ ጎን የምታስፈነጥር ትንሽ ስፕሪንግ ከውስጥ አላቸው። ለጣትና ለማግኔት ጥሩ ናት። ለሰርቮ ግን ቀስታውን ታበላሸዋለች፤ ግማሽ መንገድ ቀስ ብሎ መጥቶ ከዚያ ይዘላል። ብዙዎች ያወጧታል። እኔም አወጣኋት።

ቀስታውን የሚያመጣው ፕሮግራሙ ነው። ሰርቮ ልቀቁኝ ካለ 60 ዲግሪን በ0.1 ሰከንድ ይጨርሳል። የእኛ 29 ዲግሪ ደግሞ ዓይን ሳይረግብ ያልቃል። ስለዚህ «እዚያ ሂድ» አይባልም። «አንድ ዲግሪ ሂድ፣ ቆይ፣ አንድ ዲግሪ ሂድ፣ ቆይ» ይባላል። በየእርምጃው 60 ሚሊ ሰከንድ ብታስጠብቁት 29ኙ ዲግሪ በ1.7 ሰከንድ ያልቃል። ለዓይን በጣም ደስ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ከባቡሩ ይልቅ ይህችን ነው የማሳየው።

ኤሌክትሪኩን ከየት? ከአርዱይኖው ላይ አትውሰዱ። ሰርቮ ሲጨናነቅ ከ600 ሚሊ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። አርዱይኖ በዩኤስቢ ሲሠራ በጠቅላላው የሚፈቀድለት 500 ነው። ሁለት ሰርቮ አብረው ሲነሱ ቮልቴጁ ይወርድና አርዱይኖው ራሱን ስቶ እንደገና ይነሳል። ያረጀ የስልክ ቻርጀር፣ 5 ቮልትና 2 አምፔር የሚሰጥ፣ በደንብ ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር የቻርጀሩንና የአርዱይኖውን ኔጌቲቭ ማገናኘት ነው። ካልተገናኙ ትዕዛዙ መነሻ ልክ የለውም፤ ሰርቮው ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም አንድ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሰርቮዎቹ አጠገብ ጣል ማድረግም አይከፋም።

አንድ ማታ አያቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሳለ ቀና አለች። «ቢንቢ ገብቷል እንዴ?» ጣና ዳር ስለሆንን ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢንቢው ግን ሰርቮው ነበር። የታዘዘበት ቦታ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት፣ ሊደርስም ሳይችል፣ እዚያው ላይ እየገፋ ያንጎራጉራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ምላሱ ከደረሰ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ጠብቃችሁ ትዕዛዙን ማቋረጥ። ምት ካልመጣለት ተራ ሰርቮ መግፋቱን ትቶ ዝም ይላል። የጥርሶቹ ሰበቃ ክንዱን ባለበት ይይዘዋል። አያቴም ተኛች።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነገር። መብራት።

መብራት ሄዶ የሚመጣበት አገር ውስጥ ሰርቮ የሚጠቀም ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የአውሮፓ ሰዎች በቪዲዮዎቻቸው ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እነሱ ጠረጴዛቸውን ማታ ያጠፋሉ፣ ጠዋት ያበራሉ፤ በቃ። የእኔ ግን በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ ያውም ባቡሩ እየሄደ።

አንድ ቀን ባቡሩ ቡሬ መቀየሪያው ላይ እንዳለ መብራት ሄደ። ምንም አይደለም፣ ሁሉም ባለበት ቆመ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መጣ። አራቱም ሰርቮዎች «ዝርር» ብለው በአንድ ላይ ተነሱ። ምላሶቹ ከባቡሩ ሆድ ሥር ተንቀሳቀሱና መሃል ላይ ቆሙ። ሎኮሞቲቩ ተጋደመ። ሁለት ፉርጎ ተከተለው።

ሰርቮው አላጠፋም፤ ታዘዘ እንጂ። አርዱይኖ ሲነሳ ያለፈውን አያስታውስም። የሰርቮው ፕሮግራም ደግሞ ቦታ ካልተነገረው በራሱ 1500 ማይክሮ ሰከንድ የሚረዝም ምት ይልካል። 1.5 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው፤ መሃል። ለሮቦት እጅ መሃል ጥሩ ማረፊያ ይሆናል። ለሐዲድ መቀየሪያ ግን ከሁሉም የከፋው ቦታ መሃል ነው።

መድኃኒቱ አርዱይኖው እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ትንሽ ማስታወሻ አለው፤ ኢኢፒሮም ይባላል። ኡኖ በሚባለው የአርዱይኖ ዓይነት ላይ 1024 ባይት ይይዛል። ለአንድ መቀየሪያ አንድ ባይት በቂ ነው፤ 0 ከሆነ ነቀምት፣ 1 ከሆነ ባሕር ዳር። እያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ 100,000 ጊዜ ሊጻፍበት ይችላል። በቀን 20 ጊዜ ብትቀያይሩ ከ13 ዓመት በላይ ይሄዳል። ከእኔ ትዕግሥት ይበልጣል።

መቼ ይጻፍ? ምላሱ ከመነሳቱ በፊት። እንቅስቃሴው መሃል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ሲመለስ ሊደርስ ያሰበበትን አንብቦ ሥራውን ይጨርሳል። ከደረሰ በኋላ የምትጽፉ ከሆነ ግን ሲመለስ ወደ መጣበት ይዞራል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። አርዱይኖው ሲነሳ መጀመሪያ ማስታወሻውን ያንብብ። ቀጥሎ ቦታውን ለፕሮግራሙ ይንገር። ሰርቮውን ከትዕዛዝ መስመሩ ጋር የሚያያይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያያይዝና ከዚያ ቦታውን ይናገራል፤ በመካከሉ ያቺ 1500 ታመልጣለች።

ይህን ሁሉ አድርጌም አንዳንዱ ሰርቮ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ደንገጥ ይላል። አርዱይኖው ነቅቶ ምት እስኪልክ ድረስ አንድ ሁለት ሰከንድ የትዕዛዙ መስመር ባለቤት የለውም፤ የባዘነ ምት ሊገባበት ይችላል። ለዚህ አንዲት ሪሌይ፣ ማለትም አርዱይኖው የሚያዛት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ጨመርኩ። የሰርቮዎቹ 5 ቮልት በሪሌይዋ በኩል ያልፋል። አርዱይኖው ነቅቶ ትክክለኛውን ምት መላክ ሲጀምር ነው ሪሌይዋን የሚያበራት። የባቡሩ ኤሌክትሪክም በሌላ ሪሌይ ከዚያ በኋላ 3 ሰከንድ ቆይቶ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲህ መብራት የፈለገውን ያህል ይመላለስ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። አንድ ኡኖ በተለመደው ፕሮግራም እስከ 12 ሰርቮ ያዛል። ከዚያ ለሚበልጥ ፒሲኤ 9685 የሚባል ቺፕ ያለበት ሰሌዳ አለ፤ በሁለት የትዕዛዝ ሽቦ ብቻ 16 ሰርቮ ይነዳል። የሰርቮ ሽቦ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው። ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አንድ ላይ አትሰሩት፤ ይረበሻል።

ሌላ አንድ የምትመጣ ራስ ምታት አለች። ሁለቱ መስመሮች በሚቆራረጡበት ቦታ ላይ አንዲት የ«ቪ» ቅርጽ ያላት ብረት አለች። ባቡሩ ወደ አንዱ ሲሄድ ፖዘቲቭ፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ኔጌቲቭ መሆን አለባት። ባዶ ብትተዋት ትንሽ ሎኮሞቲቭ እሷ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪክ አጥቶ ይቆማል። በተሳሳተው ብታገናኟት ሾርት ታደርጋለች። ከሰርቮው አጠገብ አንዲት ማይክሮ ስዊች አስራችሁ ክንዱ እግረ መንገዱን እንዲጫናት ብታደርጉ ምላሱና ኤሌክትሪኩ አብረው ይቀየራሉ።

የመጨረሻው ነገር ክንዱን ስለመግጠም ነው። ክንዱን ከመግጠማችሁ በፊት ሰርቮውን በትዕዛዝ መሃል፣ 90 ዲግሪ ላይ አቁሙት። ምላሶቹንም በጣት መሃል ላይ አድርጉ። ከዚያ ክንዱን ግጠሙ፤ ከዚያ ብቻ በአንድ በአንድ ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጨመራችሁ ሁለቱን ማቆሚያ ፈልጉ። የሰርቮው ዘንግ ዙሪያውን 20 ወይም 21 ጥርስ አለው። አንድ ጥርስ ማለት 17 ወይም 18 ዲግሪ ነው። ክንዱን በአንድ ጥርስ አዛንፋችሁ ከገጠማችሁት ያ ሁሉ ስሌት ከቦታው ይሄዳል።

ለዚህም ነው የአንዱ ሰርቮ ቁጥር ለሌላው የማይሆነው። የተቃጠለ ቀይራችሁ የድሮውን ቁጥር እንዳለ ከሰጣችሁት እንደ መጀመሪያው የእኔ ሰርቮ ምላሱን ይነቅላል። እኔ ጣውላው ሥር፣ ከእያንዳንዱ ሰርቮ ጎን፣ ወረቀት ለጥፌ ሁለቱን ቁጥር በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የቡሬው ላይ «ነቀምት 76፣ ባሕር ዳር 105» ይላል። ባለፈው ወር ስቀይረው 76ቱን ሰርዤ 79 አደረግሁት፤ 105ቱን ደግሞ 108።